ከካልሲው የወደቀው

ለወራት በእግሩ የሚጓዝ ሰው የእግር ጥፍሩ መውለቁ አይቀርም፤ ያስጠላል እንጂ አያስደነግጥም። ባለፈው ዓመት ሰደድ እሳት ከነጎጆዎቹና ከነነዋሪዎቹ የበላውን የኦሪገን ጫካ ጠዋት ስናቋርጥ፣ አመድ የሞላውን የቀኝ እግር ካልሲዬን ባራግፈው የጠቆረ የአውራ ጣት ጥፍር ወደቀ። እግሬን ማየት ስለቀፈፈኝ ካልሲውን መልሼ አጠለቅኩት።

ከሰዓት አንድ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ አረፍን። ያንኑ ካልሲ ሳራግፍ ሌላ የአውራ ጣት ጥፍር ወደቀ። ሥሩ ላይ ሥጋ አለበት።

«ኧረ በናትሽ፣ እየበላሁ እኮ ነው!» አለ የጉዞ ጓደኛዬ ኮርዊን፣ የኦቾሎኒ ቅቤ የቀባውን ቂጣ እያላመጠ። «ደግሞ ስንት ቀኝ እግር ነው ያለሽ?»

ያኔ ጎንበስ ብዬ እግሬን አየሁ። አምስቱም ጥፍሮቼ በቦታቸው ናቸው።

«አንተ ቆሻሻ! የራስህን ነው የከተትክብኝ! አውልቅና አሳየኝ!»

የቀረውን ቂጣ ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ እየሳቀ ጫማና ካልሲውን አወለቀ። የእሱም ጥፍሮች አልጎደሉም።

«አየሽ?» አለና ካልሲውን አራገፈው።

ቂጣው ላይ ሮዝ ቀለም የተቀባች የሕፃን ጥፍር ወደቀች።