የተሰቀለ እጅ

የአውቶቡስ ሾፌሩ በቋሚ ኮሚቴው ስብሰባ ላይ ለመናገር እጁን ካወጣ ቆይቷል። የመጣው አዲሱን የትራንስፖርት ፖሊሲ ሊቃወም ነበር፤ ፖሊሲው የፍሬን መመርመሪያ ጣቢያውን ከቁልቁለቱ አናት ያነሳል፣ በነጋታው ስልሳ ነፍስ ጭኖ በዚያ የሚወርደው ደግሞ እሱ ነው። የእንግዳ ወንበር ስላልተረፈ ከቋሚ ኮሚቴው አባላት መሃል አስቀምጠውታል።

«ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሱ፤ ተራዎ ይደርሳል» አለው ሰብሳቢው፣ ከሰነዱ ቀና ሳይል። ሾፌሩም ተራው እንዳያልፈው እጁን እንደሰቀለ ቀረ፤ ክንዱ ሲዝልበት በግራው ደገፈው።

«እሺ፣ ፖሊሲውን የምትደግፉ?» አለ ሰብሳቢው። ጸሐፊዋ የወጡትን እጆች በእስክሪብቶዋ ጫፍ እየጠቆመች ቆጠረች። «ከአስራ አንዱ አባላት፣ ስድስት ለአምስት።»

«ፀድቋል።»

«እኔ እኮ ለመናገር ነው ያወጣሁት» አለ ሾፌሩ። «ጣቢያውን አትንኩት ልላችሁ።»

ሰብሳቢው ፋይሉን አጠፈ። «ታዲያ ጋሼ፣ ይሄን ቀደም ብለው አይናገሩም?»