ከባትሪው የቀረው ዱቄት

«ይሄስ?» ይለኛል አባቴ፣ ከፈታው የመኪና ባትሪ ውስጥ ቡናማውን ፕሌት መዝዞ።

«ሊድ ዳይኦክሳይድ» እላለሁ። ደብተሬ ላይ PbO₂ ብዬ እጽፋለሁ።

ነገ የኬሚስትሪ ፈተና አለብኝ። አባቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ግን ባትሪ ሲጠግን ሃያ ዓመት ሆኖታል፤ ካላስጠናሁሽ ብሎ ሙጭጭ ብሏል። ኩራቱማ አይጣል ነው!

የሁለት ዓመቷ እህቴ እግሩ ሥር ቁጭ ብላ ወለሉን ትጭራለች። ሰሞኑን ሆዷን እየቆረጣት እህል አልወስድ ብላለች። ጠዋት አባቴ ክሊኒክ ወስዷት ነበር።

«ነጩ ዱቄትስ?»

«ሊድ ሰልፌት።» PbSO₄።

«ሳቀልጥ ከላይ የምገፈው ቢጫው?»

«ሊድ ሞኖክሳይድ።» PbO።

«ወርቅ ልጄ!»

«አባዬ፣ ሐኪሙ ግን ምን አለህ?»

«ደሟን ወሰዱ። ቤት ውስጥ እርሳስ አለ ወይ ሲለኝ፣ የለም አልኩት።»

እጄ ይቆማል። «የለም?»

«ያቀለጥኩትን ትናንት ሸጬው የለ እንዴ? አንዲት ፍሬ አልቀረችም። ልዋሽ?»

እውነቱን ነው፤ አባቴ ለሐኪም አይዋሽም። ለእሱ እርሳስ ማለት ሲሸከመው ወገቡን የሚያጎብጠው ጡብ ነው። የቀረው ተጠርጎ የሚጣል ትቢያ ነው።

ደብተሬን አያለሁ። ሦስት መስመር፤ ሦስቱም በPb ይጀምራሉ።

«አባዬ፣ ቡናማውም፣ ነጩም፣ ቢጫውም እርሳስ ነው።»

«ምን ነካሽ? ይሄማ ዱቄት ነው!»

«እኮ ዱቄቱ! ሊድ ስልህ የቆየሁት እርሳስ ማለት እኮ ነው።»

ሊስቅ ይልና ፊቴን አይቶ ይተወዋል። ወለሉን ያያል። መጥረጊያውን ያያል። ቀጥሎ ሸሚዙን፣ ቀጥሎ እጆቹን።

እህቴ «አባ» ብላ ክንዶቿን ትዘረጋለች፤ አንሳኝ ማለቷ ነው። የጣቶቿ ጫፍ ቢጫ ነው። አባቴ እንደ ልማዱ ጎንበስ ይልና እንደታጠፈ ይቀራል።

«አንቺ አንሺያት» ይለኛል። ድምፁ የሱ አይመስልም። «እጅሽን ታጠቢና አንሺያት። ቶሎ በይ፣ ሐኪሙ ሳይወጣ!»

ታጥቤ፣ አቅፌያት ወደ መንገዱ እሮጣለሁ። በትከሻዬ ላይ ወደ ኋላ እየተንጠራራች ታለቅሳለች። ዞር ስል አባቴ እጆቹን ከገላው አርቆ፣ ከኛ አሥር እርምጃ ርቆ ይከተለናል። ቆም ስል እሱም ይቆማል።