ጥላሽን ተከተይ

ካርታ መያዝም ሆነ አቅጣጫ በስሙ መጥራት ከተከለከለ ሰባት ዓመት ሆኗል። ሰው ሁሉ ጆሮው ላይ የተሰካው መሪ «ታጠፍ»፣ «ቁም» እያለ ይወስደዋል። የጋሽ ወንድይራድ ቤት የፀሐይ መውጫ መስኮትም እንደ ጎረቤቱ ሁሉ በብሎኬት ተደፍኗል።

መሪው ባለቤታቸው ወደተኙበት ሆስፒታል የሚወስደውን መንገድ መናገር ካቆመ ሦስት ቀን አለፈው። የቀድሞው የጂኦግራፊ መምህር እግራቸው አልታዘዝ ቢላቸው፣ ጠዋት ልጃቸውን ጓሮ ወስደው በሹክሹክታ አስተማሯት።

«ፀሐይዋን ከጀርባሽ አድርጊያት። ጥላሽ የሚወድቀው ወደ ምዕራብ ነው። እሱን ከተከተልሽ እናትሽን ታገኚያታለሽ።»

«አባዬ ሙት፣ ሰው የሚታሰረው ለዚህች ነው?» አለች ትርሲት እየሳቀች።

መንገዱን ዘግተው የዋሉት ጠባቂዎች የተነሱት ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ትርሲት መሪዋን ከጆሮዋ ነቅላ ወጣች። ጋሽ ወንድይራድ ከደጃፉ ሆነው ሲያዩ፣ ጥላዋ ከፊቷ ተዘርግቷል፤ እሷም ትከተለዋለች። ክው አሉ። ከሰዓት በኋላ ጥላ ወደ ምሥራቅ እንደሚዞር አልነገሯትም። መንገዱ ደግሞ በሰው ተሞልቷል፤ በየጆሮው ያለው መሪም የሚነገረውን ሁሉ ይሰማል።

«ትርሲት!» ብለው ጮኹ። «ተመለሽ፣ ምዕራብ ከኋላሽ ነው!»

መንገደኛው ሁሉ ባንዴ ቆመ፤ ከዚያም ዞሮ ወደ እሳቸው ይመጣ ጀመር። ከመካከሉ ትርሲት ፀሐይዋን ፊት ለፊት እያየች፣ አባቷን እንደማታውቃቸው ሰው አልፋ ሮጠች።