ያደረ ውሃ

ልጄ ስትሞት ቤታ የሚባለውን ቀይ ዓሣዋን ለእኔ ተወችልኝ። ስለ ዓሣ የማውቀው አንድም ነገር አልነበረም። ሆስፒታል ተኝታ፣ «አባዬ፣ የቧንቧ ውሃ እንደወረደ እንዳትጨምርበት፣ ይሞትብሃል። አርብ ማታ ባልዲ ውስጥ ቀድተህ አሳድረው፤ ቅዳሜ ለብ አድርገህ ቀይርለት» ብላኝ ነበር።

የመጀመሪያውን አርብ ረሳሁት። ጠዋት ግን ባልዲው ሞልቶ፣ ውሃው ለብ ብሎ አገኘሁት። ቁልፍ ያላት እህቴ ናት ብዬ ቀየርኩለት። በሳምንቱም እንደዚያው ሆነ። ደውዬ ሳመሰግናት፣ «ኧረ ምን ነካህ ወንድሜ! ከለቅሶው ወዲህ መች ቤትህን ረገጥኩ?» አለችኝ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ባልዲው ሞልቶ ሳየው ፈራሁ። ውሃውን ደፋሁትና በቀጥታ ከቧንቧው ቀዳሁለት። ዓሣው እስከ ማታም አልቆየልኝም። ጓሮ ቀበርኩት፤ ገንዳውንም አጥቤ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩት።

ዛሬ ደግሞ ቅዳሜ ነው። ባልዲው ሞልቷል። እጄን ነከር አደረግኩ፤ ለብ ብሏል።

የልጄን መርዶ ለዘመድ ሁሉ የነገርኩት እኔው ነኝ። የዓሣውን ለእሷ በምን አፌ ልንገራት?