ቤቱ የሚችለው ሰው

አባቷ በተቀበሩ በማግስቱ ትርፌ ወደ ደጅ ብቅ ስትል ጎረቤቶቿ ሳይገቡ በር ላይ ቆመው አየችና ሆድ ባሳት።

«ምነው እትዬ ባንቺአየሁ፣ ቤታችን አስጠላችሁ?»

«ኧረ በስመአብ በይ! ተራ እየጠበቅን እኮ ነው። ቤታችሁ ስድስት ነው፤ ውስጥ ያሉት ሲወጡ እንገባለን።»

ትርፌ ከበሩ በላይ ያለችውን ትንሽ ሰሌዳ ቀና ብላ አየች። ከተማው መስመጥ ከጀመረ ወዲህ ሳተላይቶች ከሰማይ መሬቱን ይለካሉ፤ ቤቱ ሳይሰምጥ የሚችለው የሰው ቁጥርም በየበሩ ላይ ይወጣል። ዓይኗ እያየ ስድስቱ አራት ሆነ። ለቀስተኞቹ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ወጡ፤ እሷ፣ እናቷ፣ እህቷና የእህቷ ጨቅላ ቀሩ።

ረፋዱ ላይ ሰሌዳው ሁለት አለ።

«ሕፃንም ይቆጠራል እንዴ?» አለች እህቷ።

«ነፍስ አይደል? ይቆጠራል» አሉ እትዬ ባንቺአየሁ ከውጭ። እህቷ ልጇን ታቅፋ ወጣች።

ቀትር ላይ አንድ ሆነ።

«አርባው ሳይወጣ የባሌን ቤት ጥዬ የትም አልሄድም» አሉ እናቷ ከምንጣፉ ላይ ሳይነሡ። «አንድ አይደል የሚለው? እኔም አንድ ነኝ። አንቺ ውጪ።»

ትርፌ ወጣች። ደጁን ሳትሻገር ከኋላዋ የግድግዳው ጭቃ ሲረግፍ ሰማች። እትዬ ባንቺአየሁ ክንዷን ያዙ።

«እንዳትመለሺ ልጄ! ቤቱ ሁለት ሰው አይችልም።»

«ሐዘንተኛ ብቻዋን ትተዋለች እንዴ፣ እትዬ?»

ክንዷን አስለቅቃ ተመለሰች፤ ከእናቷ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።