ጋቢናው ውስጥ

የመሐል ሜዳው መካኒክ ታዲዮስ የቢያድግልኝን አሮጌ ፒክአፕ ሞተር ፈትቶ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ ይህቺ አልቆላታል። ብትጠገንም ሞላሌ ሳትደርስ ትቆምብሃለች። ሽጣትና ተገላገል» አለው።

የቢያድግልኝ ሚስት ጌታነሽ ይህን ስትሰማ ደስ አላት። ባሏ በየማለዳው ተነስቶ መኪናዋን ይወለውላል፤ ሲነዳት ያወራታል፣ ቤት ሲገባ ግን አፉን ይዘጋል። ጌታነሽ ነገሩን ለጎረቤት መንገር አሳፍሯት በሆዷ ይዛው ኖራለች። ሰው በብረት ይቀናል እንዴ?

ቢያድግልኝ ግን ማታ እራት ላይ፣ «አስጠግናታለሁ» አላት።

«እኔ ታምሜ ስተኛ እንዲህ አልጨነቀህም» አለችው።

በማግስቱ ጠዋት ጉም ደጁን ሸፍኖት ሳለ፣ ከመኪናዋ ውስጥ የሴት ሳቅ ተሰማ። ጌታነሽ ነጠላ እንኳ ሳትደርብ ወጣች። ለካስ ሴት ይዟል! ስትጠጋ ሴትየዋ፣ «ቢያዱዬ፣ ለማንም እንዳትሰጠኝ» አለች። ድምፁ የጌታነሽ የራሷ ነበር፤ ሙሽራ ሳለች የነበራት ድምፅ።

በሩን በርግዳ ከፈተችው። መሪውን ከያዘው ባሏ በቀር ማንም የለም።

«ከማን ጋር ነው የምታወራው?» ብላ ጮኸች።

ቢያድግልኝ ቀና ብሎ፣ አይቷት እንደማያውቅ ሰው አያት።

«እሜቴ፣ ማንን ፈልገው ነው?» አላት በትሕትና። ከዚያ ወደ ባዶው ወንበር ዞረ። «ጌታነሽ፣ ታውቂያቸዋለሽ?»

«ኧረ አላውቃቸውም» አለ የራሷ ድምፅ፣ ከወንበሩ ላይ።