ካሜራ አይዋሽም ይለኝ ነበር

ሰው እንዲህ የሚያደርገው በጣም ሲወድ ነው ወይስ በጣም ሲጠላ?…

ስንቴ አሰብኩት… መልሱ እስካሁን አልመጣልኝም።

«ቀና በይ… አገጭሽን ዝቅ… እንደሱ… አትንቀሳቀሺ!» ይለኛል የልጄ አባት።

ገና አልተጋባንም፣ አብረን ነው የምንኖረው። ፎቶ ቤት ይሠራል። ያነሳል፣ ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ያስተካክላል። ሙሽሮች ፎቷችንን እሱ ካልነካው ይላሉ… ብጉር ያጠፋል፣ ጥርስ ያነጣል፣ ቦርጭ ሁሉ ይቀንሳል።

እሁድ እሁድ ደግሞ እኔን መስኮቱ ሥር አስቀምጦ ያነሳኛል።

መጀመሪያ መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር። እንደኔ በፍቅር የሚያያት ያላት ሴት የታለች ብዬ…

ከወለድኩ በኋላ ግን ፎቶዎቹ ተለወጡ።

አንድ ቀን ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረና አንዴ ፎቶውን፣ አንዴ እኔን አየ።

«ምነው?» አልኩት።

«ምንም… ትንሽ ደክሞሻል መሰለኝ።»

አየሁት። ከዓይኔ ሥር ጥቁር ብሎ ጎድጉዷል። ጉንጬ ላይ ማድያት። አፍንጫዬ ራሱ ሰፍቷል።

ሮጬ መስታወት ፊት ቆምኩ።

«ኧረ እዚህ ደህና ነኝ እኮ!»

ሳቀ። «የኔ ቆንጆ፣ መስታወት ፊት ሁሉም ፊቱን አሳምሮ ነው የሚቆመው። ሰው የሚያይሽ ካሜራ እንደሚያይሽ ነው። ካሜራ አይዋሽም።»

«በስልኬስ ሳነሳው?»

«የስልክ ካሜራ ቆዳ ያሳምራል፣ እሱን አትመኚ።»

እኔ ትምህርት ብዙ አልገፋሁም። እሱ ደግሞ ሥራው ነው… አመንኩት።

«ግን ግድ የለሽም» አለና ግንባሬን ሳመኝ። «እንዲህም ሆነሽ እኔ እወድሻለሁ።»

እንዲህም ሆነሽ… ይቺ ቃል እንደ እሾህ ገብታ ቀረች።

በየሳምንቱ ባሰብኝ። ፎቶው ላይ ፊቴ እየጠቆረ፣ እየተጣመመ ሄደ። ኬክ ቤት እሠራ ነበር፣ ልመለስ አልኩና ተውኩት። በዚህ ፊት ማን ፊት እቆማለሁ?

እህቴ መንገድ ላይ አግኝታኝ ሻርፔን ጎተተችው። «አንቺ! ምነው ፖሊስ እንደሚፈልገው ሰው ተሸፋፈንሽ?»

ብርድ ነው አልኳት። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች…

ባለፈው ሳምንት ጤና ጣቢያ ስሄድ «ለልጅሽ ካርድ ያንቺንና የሷን ጉርድ ፎቶ ነገ ይዘሽ ነይ» አሉኝ። እሱ ለሰርግ ሥራ ሌላ ከተማ ሄዷል።

ምን ላድርግ… ልጄን አዝዬ ሰፈራችን ጥግ ላይ ያለ ፎቶ ቤት ገባሁ። የምታነሳው ሴት ናት፣ ማስቲካ ታኝካለች።

«እሙዬ፣ ሻርፑን አውልቂው… ሽፍታ ትመስያለሽ!»

አነሳችኝ። ጠጋ ብዬ በቀስታ፣ «እባክሽ… ከዓይኔ ሥር ያለውን አጥፊልኝ» አልኳት።

«የቱን?»

«ጥቁረቱን… ማድያቱንም።»

ዓይኗን አጥብባ አየችኝ። ካሜራውን ወደ እኔ አዙራ ሰጠችኝ።

«ኮምፒውተር ላይ ገና አልጫንኩትም፣ ምንም አልነካሁትም። እስቲ ጥቁረቱን አንቺው አሳዪኝ።»

አየሁ…

እኔ ነበርኩ። መስታወት ላይ የማውቃት፣ እኔው ራሴ።

ስልኬን አወጣሁና እሱ የላከልኝን ፎቶ አሳየኋት። በጣቷ አጉልታ አየችው። ማስቲካ ማኘኳን አቆመች።

«ይሄን ማን ሠራው?»

«የልጄ አባት…»

«እህቴ… ይሄ በኮምፒውተር እጅ የገባበት ነው። እዪ፣ መስኮቱ በዚህ በኩል ነው። ጥላው ደግሞ ብርሃኑ ያረፈበት ጉንጭ ላይ ነው ያለው። እንዴት ይሆናል?»

ስልኬን መለሰችልኝ።

«እኛ ሰው ስናሳምር ነው የምንውለው… እንዲህ ለፍቶ ሰው የሚያበላሽ ግን አይቼ አላውቅም።»

ቤቴ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም።

በማግስቱ ከሰዓት መጣ። ጉርድ ፎቶዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬለት ነበር።

አልጮኸም… ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ማን ነው ያነሳሽ?… ወንድ ነው?» መጀመሪያ የጠየቀኝ ይሄን ነው።

«ሴት ናት። ምን አድርጌህ ነው እንዲህ ያደረግከኝ?»

ወለሉ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። አለቀሰ።

«አብረን ስንሄድ ሰው መጀመሪያ አንቺን ያያል… ቀጥሎ እኔን። ‹ይቺ ልጅ ምን ነክቷት ነው ከዚህ ጋር?› የሚል ዓይን ነው። ቆንጆ መሆንሽን ካወቅሽ ትሄጃለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«እኔ እኮ አንተን ነበር የማየው!» አልኩት።

ፎቶዎቹን ሁሉ ዓይኔ እያየ አጠፋቸው። ማለ፣ ተገዘተ። አንጀቴ አልቻለም… ይቅር ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ዛሬ ጠዋት ግን…

ከጓዳ ስወጣ ልጄን ሶፋው ላይ አስቀምጦ ያነሳታል። ካሜራውን ያያል… እሷን ያያል… ደግሞ ካሜራውን።

«እያደገች ስትሄድ ቁርጥ አንቺን ሆነች» አለኝ።

ደስ ብሎት አይደለም የተናገረው።

በኔ ያደረገውን በሷም ሊጀምር መሰለኝ። ልጄን አነሳኋት፣ ይኸው እስካሁን ከጉያዬ አላወጣኋትም። እሱ ማዶ ክፍል ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል… በሩን ዘግቶ።

እኔ ከዚህ የተማርኩት… የገዛ ፍርሃቱን መሸከም ያቃተው ሰው፣ በሚወደው ሰው ፊት ላይ ነው የሚያራግፈው። የቱንም ያህል ቢወዳችሁ፣ ራሳችሁን የምታዩበትን ዓይን ለማንም አትስጡ።

እህቶቼ፣ እናቶቼ… ወንዶችም ብትሆኑ…

አባቷ ነው፣ ጥፋቱን አምኗል፣ አልቅሷል። ልመነውና ልቀመጥ? ወይስ ልጄ ነፍስ አውቃ የሱን ቃል መስማት ሳትጀምር ይዣት እህቴ ቤት ልግባ?

«ተይው» ብላችሁ ብቻ እንዳታልፉኝ… ለምን እንደምትሉም ጻፉልኝ። አንድ በአንድ አነበዋለሁ።